ከቀብር የቀረችው ተረኛ

እኛ ሰፈር ሌባ የሚገባው ሌሊት አይደለም። ሌሊት ውሻ አለ፣ እንቅልፍ የከዳቸው ሽማግሌዎችም አሉ። ሌባ የሚገባው በጠራራ ፀሐይ፣ ሁላችንም ነጠላችንን አዘቅዝቀን ቀብር ስንሄድ ነው።

ይህን እስክንረዳ ድረስ ብዙ ተሰርቀናል። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞት የእድሩ ለፋፊ ማለዳ በየመንገዱ እየዞረ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ሟቹ ማን እንደሆነ፣ የማን አባት ወይም የማን እናት እንደነበር፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም አንድም ሳያስቀር ይዘረዝራል። እኛ የሰማነውን ሌባውም ይሰማል። ሰፈሩ ከመቼ እስከ መቼ ባዶ እንደሚሆን ለሌባ የምንነግረው እኛው ራሳችን ነበርን፣ ያውም በድምፅ ማጉያ።

መጀመሪያ የተዘረፈችው ባሏ ደቡብ አፍሪካ ያለ አንዲት ጎረቤታችን ናት። እሷ ቀብር ላይ ከፊት ቆማ ስታለቅስ ሌቦቹ ቴሌቪዥኑን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ ከቁም ሳጥን ውስጥ አዲስ አንሶላዋን ሳይቀር ለቅመው ሄደዋል። ከቀብር ተመልሰን እጃችንን እየታጠብን ሳለ የእሷ ጩኸት ተሰማ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች የሟቹ ሐዘን የጠናባት መስሏቸው አብረዋት ጮሁ። እውነቱ እስኪገባን ድረስ ትንሽ ቆየን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከስርቆቱ የባሰ ነበር። «ከቀብር የቀረው ማነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። በዚያን ቀን ከቤቷ ያልወጣች አንዲት ባልቴት ነበረች፣ ወባ ጥሏት። ማንም ፊት ለፊት ሌባ ናት አላላትም፤ ነገር ግን በሩ ላይ ስታልፍ ወሬ ይቆማል፣ ሰላምታው ከአፍ ያልፋል እንጂ ዓይን ውስጥ አይደርስም። በሚቀጥለው ቀብር ያቺ ሴት በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች በዱላ ተደግፋ ወጣች። ሌላውም እንደሷ ነው። እንዳይጠረጠር ሲል የታመመውም፣ እንግዳ ያለበትም፣ ሊጥ ያቦካውም ወጣ። ቤቶቻችን ከድሮው ይልቅ ባዶ ሆኑ፤ ሌባም እንደ ልቡ ገባ ወጣ። ደጋግሞ ገባ።

እኔ ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ። ነገር እየዞረ አንድ ቦታ ሲረግጥ ማየት አልችልም። በእድሩ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና፣ ከየመንገዱ አንድ አንድ ቤት በተራ ከቀብር ቀርቶ ሰፈር ይጠብቅ አልኩ።  የእድሩ ዳኛ፣ አባቴን የሚያውቁ ትልቅ ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ሐዘንተኛውን ምን ልንለው ነው? ያንተ ሰው ሲቀበር እኛ የጋዝ ሲሊንደር ስንጠብቅ ነበር ልንለው ነው? ዛሬ አንቺ ከእሱ ቀብር ከቀረሽ፣ ነገ እሱ ካንቺ ይቀራል። እድር ማለት ይኼው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።»

 ያዳነችኝ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። ዕድሜዋ የገፋ፣ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም የሆነች ሀዲያ ሴት። ከመቀመጫዋ እንኳ ሳትነሳ ጀመረች።

«ይቺ ደረቅ ዛሬ ገና እውነት ተናገረች» አለች። «ሙት አይሰረቅም፤ የሚሰረቅ ቋሚ ነው። እኔ ስሞት መቃብሬ ላይ ቆሞ ስለ ቴሌቪዥኑ የሚያስብ ሰው አልፈልግም። ልቡ ቤቱ የቀረ ሰው እግሩም እዚያው ይቅር።»

ሰው ሳቀ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ መስማማቱ አይቀርም። ለተረኛው ፊሽካ እንዲሰጠው፣ ከቀብር የቀረበትም ቀን እንደ መቅረት እንዳይቆጠርበት ተወሰነ። ግን ወዲያው መለዋወጥ ተጀመረ። «አብሮ አደጌ ነው፣ ልሂድ»፣ «የክርስትና ልጄ አባት ነው፣ እባክሽ ያዢልኝ» ይባላል። አንድ ቀን በዚህ በዚያ ብሎ የታችኛው መንገድ ያለ ጠባቂ ዋለና እንደገና ቤት ተሰበረ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቆሜ ጮህኩ። የሥጋ ዘመድ ካልሆነ በቀር የሞተው ማንም ይሁን ማን ተራ አይለወጥም አልኩ። ሁሉም «ትክክል ናት» አለ። ያን ቀን ጎረቤቴ በእግሯ እያዘገመች ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አፍሽ አንድ ቀን ራስሽን ይነክስሻል» አለችኝ። እሷ ስትሳደብ እንጂ ስትመክር ስለማላውቃት ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ጥበቃ ስንል ወንበር አውጥቶ ደጅ መቀመጥ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ከባድ አይመስልም ነበር። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግን የምታውቂው ሰፈር የማታውቂው ይሆናል። የእንሰት ቅጠል ነፋስ ሲነካው ሰው የረገጠው ይመስላል። ቆርቆሮ በፀሐይ ሲሰፋ ቋ ሲል ልብ ይዘላል። ዓይንሽ ያርፍ ዘንድ የሚያልፍ ሰው ትመኛለሽ፤ ሰው ሲመጣ ደግሞ ለምን መጣ ትያለሽ። በታችኛው በኩል የሚጠብቁት ሱቅ ያላቸው አንድ የጉራጌ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ስላሉ አይዞሽ እላለሁ ለራሴ፤ ግን ከሱቃቸው እስከ እኔ መንገዱ ይታጠፋል፣ አንተያይም።

ፊሽካውም ቢሆን አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያስፈራኝ እሱ ራሱ ነበር። ፊሽካ ሲሰማ ሰው ዱላ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ጥያቄ የሚመጣው ከዱላው በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ቡላ የሚሸጥ የገጠር ሰው አጥር ተደግፎ ሲያርፍ ተነፍቶበት፣ ከሰው እጅ የወጣው በደም ተነክሮ ነው። ቡላው መንገድ ላይ ተበትኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፊሽካውን ከንፈሬ ላይ ሳደርስ እጄ ይከብደኛል።

ጎረቤቴ የሞተችው በዚህ መሀል ነው። ቁርስ በልታ፣ አንድ ሰው ተሳድባ፣ አረፍ ልበል ብላ ጋደም እንዳለች ቀረች።

ስለ እሷ ትንሽ ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ ሲመጣ የተከራየው ከአጥሯ ጎን ነበር። እናቴ ቀድማ ስለሞተችብኝ አራስ ሆኜ የተኛሁት በእሷ እጅ ነው። ገንፎውን በማንኪያ እያጎረሰችኝ «ብዪ፣ አንቺ ልፍስፍስ፣ ልጁ የሚጠባው እንባሽን ነው?» ትለኝ ነበር። እሷ የወንጌል አማኝ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በፆም ሥጋ ስትጠብስ በአጥር በኩል ጠርታኝ «ሽታው አያስገድፍም» ትላለች። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ደረቅ፣ ልፍስፍስ፣ ፈዛዛ፤ እንደ ቀኑ ይለያያል። ለማንም ደግ ቃል አልነበራትም፤ ደጇን ረግጦ ሳይበላ የሄደ ሰው ግን አላየሁም፣ እየተሰደበም ቢሆን።

ለፋፊው ስሟን ሲጠራ ሰማሁ። ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ ተራው የማን እንደሆነ ነው። የእኔ ነበር።

ወደ ዳኛው ቤት ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ሥራው ሙዱላ ከተማ ስለሆነ እኔን የሚተካ ሰው ከቤቴ የለም፣ ሌላ ሰው ይቅርልኝ አልኳቸው። እሳቸውም ደጋግመው «እግዜር ያጽናሽ» ካሉ በኋላ ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው «የሥጋ ዘመድ ነሽ?» አሉኝ። በተንኮል አልነበረም፤ የሕጉን ቃል ነው የጠየቁኝ። አይደለሁም አልኩ።  እንደገና ብለምናቸው ይፈቅዱልኝ ነበር ይመስለኛል። ግን እኔ ጮኼ ያወጣሁትን ሕግ እኔው ባፈርሰው ከዚያ በኋላ ማንም እንደማይጠብቅ አውቅ ነበር። ቀጣዩ ሌባ በማን ቤት እንደሚገባም አላውቅም።

የሟቿ ልጅ ዱራሜ ነው ያገባችው፤ አብሮ አደጌ ናት። ሌሊቱን ገብታ ነበር። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«ፊት መኪናው ላይ ከእኔ ጋር ነሽ» አለች።

«ተራዬ ነው» አልኳት። «እኔ ነኝ የምጠብቀው።»

አልገባትም። ደግሜ ነገርኳት። እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችና «የእኔን እናት ቀብር?» አለች። ከዚያ ሰው መጥቶ ደግፎ ወሰዳት። መዘምራኑ ጀመሩ፣ አስከሬኑን የጫነው አይሱዙ ተነሳ፣ ሕዝቡ ተከተለ። አቧራው እስኪረግፍ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

በዚያ ቀን ያስጨነቀኝ የሟቿ ቤት ራሱ ነበር። የለቅሶ ቤት በር አይቆለፍም፤ ነውር ነው። ውስጥ ደግሞ ከአዲስ አበባና ከዱራሜ የመጡት ዘመዶች ሻንጣ ተከምሯል፣ ስልክ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፣ ልጇ ጌጧን ሁሉ አውልቃ ያስቀመጠችው እዚያው ነው። ወንበሬን ከእኔ ደጅ አንስቼ ወደ እሷ ግቢ አዛወርኩና ባዶው ድንኳን አጠገብ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳልቆይ ባጃጅ ከውጭ ቆመ። ሁለት ሴቶች ወርደው ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ከግቢው በር ጀምሮ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። አንደኛዋ ጠና ያለች፣ ሌላዋ ወጣት ናት። ለቅሶአቸው ያምር ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው አለቀሱ፣ እኔም እንባዬ መጣ።

«ከሀቢቾ ነው የመጣነው፣ የእህቷ ልጆች ነን» አለች ትልቋ። «መንገዱ አዘገየን። ቀብሩ አለፈን።»

ሀቢቾ በኩል ዘመድ እንዳላት አውቃለሁ፤ ሁሉንም ግን አላውቃቸውም። ለቅሶ የመጣን ሰው ደግሞ ማን ነህ ብሎ መጠየቅ የለም። እግዜር ያጽናችሁ አልኳቸው። ትልቋ እንደገና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እናቴ፣ ክፉ ቃል ከአፍሽ የማይወጣ። እናቴ፣ ለስላሳዋ፣ ሰው የማታስቀይሚ።»

እንባዬ እዚያው ቆመ። መጀመሪያ ለቅሶ ላይ የሚባል ነገር ነው፣ ሰው ሲሞት ሁሉም መልአክ ይሆናል አልኩ በልቤ። ግን እየቀጠለች ሄደች። ታጋሿ፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ጎረቤት የማያውቃት። ጎረቤት የማያውቃት? እሷ ተቆጥታ የተናገረችው ጎምቦራ ወረዳ ድረስ ይሰማል። የእህቷ ልጅ ብትሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ጊዜ ትሰደብ ነበር፤ የተሰደበ ደግሞ አይረሳትም።

ወጣቷ ተነሳች። «ፊቴን ልታጠብ» አለችና ወደ ቤቱ በር ሄደች።

ቀድሜያት ተነስቼ ደፉ ላይ ቆምኩ።  ውሃ ውጭ አለ ብዬ በርሜሉን አሳየኋት። ራሴን አዞረኝ፣ ትንሽ ጋደም ልበል አለች። ድንኳን ውስጥ ፍራሽ አለ አልኳት። ትልቋ ከኋላ መጣች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ሐዘን ጠፍቷል።

«የእናታችን ቤት እንዳንገባ ትከለክይናለሽ?» አለች። «ለቅሶ የመጣ ሰው ደጅ ይቆማል?»

እውነት ቢሆኑስ?  የእህቷን ልጆች ከደጅ መልሼ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰፈር ቀና ብዬ አልሄድም ነበር። ፊሽካው ደረቴ ላይ ነው። ብነፋው ሽማግሌው ብቻ አይደሉም የሚመጡት፤ ከላይ መንገድ የቀን ሠራተኞች አሉ፣ ዱላም አለ። የቡላ ነጋዴው ደም ዓይኔ ላይ መጣ።  እነሱ ሁለት ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ፣ ባጃጁም ሞተሩን አላጠፋም።

እንዴት እንዳሰብኩት አላውቅም፣ ማልቀስ ጀመርኩ። ትልቋ አንገት ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። የሚያለቅስን ሰው ደግሞ ገፍተሽ አታልፊውም፤ ሌባም ብትሆኚ እጅሽ ለመደገፍ ይዘረጋል። ደግፋ ያዘችኝ። አጥብቄ ሳቅፋት ከነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ወገቧ ላይ የታጠፈ ማዳበሪያ ታጥቃለች። ባዶ ማዳበሪያ፣ ሊሞላ የመጣ።

 ግን አልለቀቅኳትም። ብለቃት ምን እንደምታደርግ አላውቅማ። በሩን በጀርባዬ ዘግቼ፣ እሷን ይዤ፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ማን ይሰድበኝ እንግዲህ» አልኩ። «ሽሮዬ ሲቀጥን በአጥር ላይ ማን ይጩህብኝ። አንቺ ቁጡ፣ አንቺ ምላሰ ረጅም፣ ሳትሰድቢ ያላጎረስሽ። ደረቅ ብሎ ማን ይጥራኝ። የወለድኩ ቀን ልፍስፍስ ያልሽኝ፣ አንድም ቀን አይዞሽ ያላልሽኝ፣ አንድም ቀን ግን ብቻዬን ያልተውሽኝ።»

በማታለል የጀመርኩት ለቅሶ የት ላይ እውነት እንደሆነ አላውቅም። ብቻ ተንሰቀሰቅኩ። ቀብሯ ላይ ማልቀስ የነበረብኝን ሁሉ በዚያች ሴት ትከሻ ላይ አለቀስኩት። ሴትዮዋ «በቃሽ፣ በቃሽ» ትላለች፤ ልትላቀቀኝ ትሞክራለች፣ እኔ አልለቃትም። ወጣቷ በጎን በኩል ለማለፍ ብትሞክርም ጀርባዬ ከበሩ አልተነሳም። በመጨረሻ ባጃጁ ጡሩምባ ነፋ። ሁለቱ ተያዩ። «መቃብሩ ጋ እንሂድ» አለች ትልቋ፤ ክንዴን ከአንገቷ ላይ በኃይል ፈለቀቀችና ወጡ። ባጃጁ ሲርቅ ሰምቼ ደፉ ላይ ዘፍ አልኩ።

ሕዝቡ ሲመለስ ነገሩን ተናገርኩ። ከሀቢቾ ለቀብሩ መጥተው የነበሩ ዘመዶቿን ጠየቅን፤ እንዲህ ያሉ ሴቶችን የሚያውቅ ማንም የለም። አንዳንዱ ለምን ፊሽካ አልነፋሽም ብሎ ተቆጣኝ። አንዳንዱ ጎበዝ አለኝ። ዳኛው ቤት ለቤት ዞረው አንድም ነገር እንዳልጠፋ አረጋገጡ። «ቃልሽን ጠበቅሽ» አሉኝ። ደስ አላለኝም፤ ዓይኔ የሚፈልገው ልጇን ብቻ ነበር።

ያገኘኋት ሴቶቹ ከተበተኑ በኋላ፣ ጓሮ እንሰቱ ሥር ብቻዋን ቆማ ነው። ጌጥሽም ሻንጣውም አለ አልኳት፣ ሞኝ ነኝና። ራሷን ነቀነቀች።

«የሕይወት ታሪኳን አነበቡ» አለች። «ትሑት ነበረች አሉ። ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም አሉ። እናቴን እኮ ነው። ሳቄ መጣ፣ መቃብር አፋፍ ላይ ቆሜ። ዘወር ብዬ አንቺን ፈለግኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሟል፣ አብሮኝ የሚስቅ አንድ ሰው የለም።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አንቺ ደግሞ እዚህ በሌባ ትከሻ ላይ ታለቅሺላታለሽ» አለች።

 ዘወር ብላ ወደ ቤት ገባች።